በኮች ሮብ ስም፦ የአንድ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጁላይ 6

ዛሬ ማምሻውን በስልክ ባደረግነው ስብሰባ፣ በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ የምንኖር ጥቂት የግራምብሊንግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (በሉዊዚያና የሚገኝ፣ ለጥቁሮች የተቋቋመ ኮሌጅ) ተመራቂዎች በእግር ኳስ አሠልጣኙ በኤዲ ሮቢንሰን ስም የተማሪዎች መርጃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተስማምተናል። የሒሳብ መዝገቡ ለእኔ ተሰጥቷል፤ የተማርሁት የሒሳብ አያያዝ ከመሆኑም በላይ እዚህ ከተማ ያለውን የሐበሾች እድር መዝገብ ለዓመታት መያዜን ሁሉም ስለሚያውቁ ማምለጫ አላገኘሁም። ማስታወሻውን በአማርኛ የምጽፈው፣ እዚህ አገር ኮሌጅ የጨረሱ ወገኖቻችን ለመምህራቸው ወይም ለአሠልጣኛቸው እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ ሲነሡ ከየት እንደሚጀመር ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እግር ኳስ የምለውም በሞላላ ኳስ የሚጫወቱትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው።

ሮቢንሰንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በ1919 በሉዊዚያና ጃክሰን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በእኩል አራሽነት ከሚተዳደር አባትና በሰው ቤት ከምትሠራ እናት ተወለዱ። ኮሌጅ ከጨረሱ በኋላ በባተን ሩዥ በእንስሳት መኖ ፋብሪካ በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር፤ በ1941፣ ገና በ22 ዓመታቸው፣ ያኔ ሌላ ስም የነበረውን የግራምብሊንግን ቡድን ተረከቡ። በማግስቱ ዓመት ቡድናቸው አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት የውድድር ዘመኑን ጨረሰ። እስከ 1997 ድረስ እዚያው ቆይተው 408 ጊዜ አሸነፉ፤ ከ200 በላይ ተጫዋቾቻቸውም ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ገቡ። ከእነርሱ መካከል በ1949 ከጥቁር ኮሌጆች በመውጣት የመጀመሪያው የኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ባለሙያዎች ሊግ፣ ተጫዋች የሆነው ታንክ ያንገር፣ እንዲሁም በጃንዋሪ 1988 የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በማሸነፍ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) የሆነው ዳግ ዊሊያምስ ይገኙበታል። ተማሪዎቹ ሁሉ፣ ኳስ ነክተን የማናውቀውም ጭምር፣ ኮች ሮብ ነበር የምንላቸው።

ጁላይ 20

የዛሬው ስብሰባ ረጅም ነበር፤ የተነጋገርነውም በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፦ ገንዘቡ ምን ይሠራበት? ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ በስድሳዎቹ መጨረሻ በተከላካይ መስመር የተጫወቱት አባት፣ የነሐስ ሐውልት ይቁም አሉ። ሐሳባቸውን ለመቃወም ያስቸግራል፤ እሳቸው ከኮች ሮብ እጅ ኳስ የተቀበሉ ሰው ናቸው፣ እኛ ግን ከመቀመጫ ላይ ያየን ነን። ሆኖም አንዲት በነርስነት የምታገለግል ተመራቂ በትሕትና የተናገረችው ነገር ውይይቱን አዞረው። ስታዲየሙ ከ1983 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል፤ በግቢው ውስጥ በድሮው የሴቶች ጂምናዚየም ሕንፃ ከ2010 ጀምሮ ስማቸውን የያዘ ሙዚየም አለ፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ የሚሰጠው ሽልማትም ከ1997 ወዲህ በእሳቸው ስም ነው። ስሙ ቦታ አላጣም። ያልተተካው ጠዋት ጠዋት ደወል እያቃጨሉ በተጫዋቾች ማደሪያ እየዞሩ ለክፍል የሚቀሰቅሱት ሰውዬ ናቸው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ትምህርቱን ጨርሶ ለመመረቅ ጥቂት ብር ለጎደለው ተማሪ ይሁን አለች።

እኔም በዚህ እስማማለሁ። በእነዚህ ኮሌጆች ብዙ ልጅ የሚያቋርጠው በውጤት አይደለም፤ ያልተከፈለ የጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ መዝገቡን ስለሚያስይዝበትና ለሚቀጥለው መንፈቅ መመዝገብ ስለማይችል ነው። አዛውንቱ ከብዙ ዝምታ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ገንዘቡ ተበልቶ አልቆ ስሙ እንዳይጠፋ። ይህም ጥያቄ ወደ ሚቀጥለው ሥራ ወሰደን።

ኦገስት 3

በአሜሪካ ኮሌጆች በሰው ስም የሚሰጥ ገንዘብ በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው ዋናው ሳይነካ ለዘለዓለም በኢንቨስትመንት ተቀምጦ በየዓመቱ ከእርሱ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ብቻ የሚወጣበት ቋሚ ፈንድ ነው፤ ሁለተኛው እንደገባ በዚያው ዓመት ወይም በሚቀጥለው ለተማሪ የሚሰጥ ነው። ቋሚ ፈንድ ለመክፈት ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን 25,000 ዶላር አካባቢ ነው። ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ትልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በ4 በመቶ ሲሰላ በዓመት 1,000 ዶላር ብቻ ነው። የአንድ ተማሪ ዕዳ ይዘጋ ይሆናል፣ የአንድ መንፈቅ ክፍያ ግን አይሸፍንም። ይህን በወረቀት ላይ ሳሳያቸው ስልኩ ላይ ጸጥታ ሆነ።

ስለዚህ ግቡን 50,000 ዶላር አድርገን ለሁለት ከፈልነው፤ 40,000ው ለቋሚው ፈንድ፣ 10,000ው ለአስቸኳይ የምረቃ እርዳታ። ትልልቅ ስጦታዎችና በአምስት ዓመት የሚከፈሉ ቃል ኪዳኖች ወደ ቋሚው እንዲገቡ፣ በድረ ገጽ የሚመጡ ትንንሽ ስጦታዎች ወደ አስቸኳዩ እንዲሄዱ ወሰንን። ከሰጪው የተለየ መመሪያ ከመጣ ግን የሰጪው ቃል ይከበራል።

የራሳችንን በጎ አድራጎት ድርጅት እንክፈት ያለም ነበር። እኔ ተቃወምሁ። ከፌዴራል ግብር ነጻ ለመሆን ማመልከቻ መሙላት፣ ከዚያም በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ማቅረብ፣ የቴክሳስን ምዝገባ መከታተል፣ ቦርድ ማቋቋም ሁሉ ተማሪውን ሳይደርስ ጉልበታችንን ይጨርሰዋል። ከግብር ነጻ የሆነና የዩኒቨርሲቲውን ስጦታዎች የሚያስተዳድር ተቋም እያለ ሌላ ማቋቋም ከጉራ የሚያልፍ አይመስለኝም። የእኛ ድርሻ መለመን፣ መመዝገብና ማስረከብ ይሁን።

ለተጫዋቾች ብቻ ይሁን የሚለውም ሐሳብ ወድቋል። ገንዘቡ ለቡድኑ ከተባለ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ደንቦች ሁሉ ይገቡበታል፤ ለስፖርት ክፍል ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ከተጫዋቾችና ሊመለመሉ ከታሰቡ ወጣቶች ጋር ያለው ግንኙነት በደንብ የታጠረ ነው። በተጨማሪም ሰጪው ተጠቃሚውን ራሱ በስም ከመረጠ ስጦታው በግብር ሕግ እንደ በጎ አድራጎት አይታይም። ስለሆነም እርዳታው ለማንኛውም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ክፍት ሆኖ፣ የሚመርጠው የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ እንዲሆን ተስማምተናል።

ኦገስት 17

የስም ዝርዝር ሥራ። ከሰዎች ስልክ፣ ከድሮ የምረቃ መጽሔት፣ ከሠርግና ከቀብር መጥሪያ ሳይቀር የተለቀመ ዝርዝር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሰብስቤያለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ገንዘብ የሚገኘው ከዚህ ነው። ሴቶቹ ካገቡ በኋላ ስማቸውን ስለሚለውጡ አንዲቱ ሰው ሁለት ጊዜ ትመዘገባለች፤ አባትና ልጅ አንድ ስም ሲይዙ ደግሞ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የምረቃ ዓመት፣ የትምህርት ክፍል፣ በግቢው ምን ይሠራ እንደነበር (ተጫዋች፣ የማርሽ ባንድ፣ መዘምራን፣ ምንም)፣ አሁን የት እንደሚሠራና የሚደውልለት ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ረድፍ አበጅቻለሁ።

የመጨረሻው ረድፍ ከሁሉም ይበልጣል። ማን እንደሚደውል ሳይወሰን የተላከ ደብዳቤ መልስ አያመጣም። ለተጫዋች በእርሱ ዘመን የተጫወተ ሰው፣ ለባንዱ አባል ከጎኑ መለከት ይነፋ የነበረ ሰው ይደውልለት ብለን ከፋፈልን።

ኦገስት 30

ደብዳቤው። የመጀመሪያው ረቂቅ 408 ድል፣ 165 ሽንፈት፣ 15 አቻ፣ 17 የሊግ ዋንጫ፣ በ1985 በዳላስ ኮተን ቦውል ስታዲየም የቴክሳሱን የፕሬሪ ቪው ኮሌጅ ቡድን አሸንፈው የአላባማውን አሠልጣኝ የቤር ብራያንትን የድል ብዛት ክብረ ወሰን እንደሰበሩ የሚዘረዝር ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ይህን የግራምብሊንግ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። አዛውንቱ ረቂቁን በቀይ ስክሪብቶ እየሰረዙ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ፤ በኅዳጉ ላይ “ሳንድዊቹስ የታለ?” የሚል ተጽፎበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በደቡቡ ክፍል ጥቁሮች በነጮች ምግብ ቤት ስለማይስተናገዱ፣ ቡድኑ ወደ ውጭ ሲጓዝ ኮች ሮብ በራሳቸው እጅ ሳንድዊች ያዘጋጁ ነበር። ሣሩን የሚያጭዱት፣ የሜዳውን መስመር የሚያሰምሩት፣ የጨዋታውን ዜና ጽፈው ለጋዜጣ የሚልኩትም እሳቸው ነበሩ። ደብዳቤውን ከሳንድዊቹ ጀምረን እንደገና ጻፍነው፤ ቀጥሎ ዛሬ አንድ ተማሪ መመዝገብ የሚከለክለው ዕዳ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከዚያም የምንጠይቀውን መጠን በቁጥር አስቀመጥን። ከአንድ ገጽ አላለፈም።

የመስጫ መጠኖቹ ላይ ትንሽ ተጫውተናል። ለወጣቶቹ 19 ዶላር ከ41 ሳንቲም፣ ማለትም ሥራ የጀመሩበት ዓመት፤ ለሚችሉት 408 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ድል አንድ ዶላር። የካርድ ክፍያ አስተላላፊው በእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ስለሚወስድ፣ ከ19.41ዱ 86 ሳንቲም ይሄዳል፤ ከ408ቱ ደግሞ 12 ዶላር ከ13። ትንሹ ስጦታ በመቶኛ ሲታይ የበለጠ ይቆረጥበታል። ቼክ ግን ምንም አይቆረጥበትምና ለአዛውንቶቹ አድራሻው የተጻፈበት ፖስታ ከደብዳቤው ጋር ልከናል።

በስማቸውና በምስላቸው ለመጠቀም ፈቃድ መጠየቅ እንዳለብን አንድ የሕግ ባለሙያ ተመራቂ አስታወሰን። ፈቃዱ በጽሑፍ ከቤተሰቡ እስኪመጣ ድረስ ደብዳቤው ላይ ፎቶ አላወጣንም፤ የዩኒቨርሲቲውንም አርማ አልተጠቀምንም።

ሴፕቴምበር 14

የስልክ ጥሪው ከተጀመረ ወዲህ የታየውን ልመዝግብ። የቀድሞ ተጫዋቾች ያለማመንታት ቃል ይገባሉ፣ ቶሎ ግን አይልኩም። የባንዱ ሰዎች ቃል ሳይገቡ ይልካሉ። ይህ ካስገረመኝ ነገር ሁሉ ይበልጣል፤ ግን ሲታሰብ ምክንያት አለው። የግራምብሊንግ ባንድ በ1967 በመጀመሪያው ሱፐር ቦውል ዕረፍት ላይ የተጫወተ ባንድ ነው፤ ኮች ሮብ ቡድኑን በትልልቅ ከተሞች ስታዲየም ይዘው ሲዞሩ ባንዱም አብሮ ይዞር ነበርና ክብሩን የራሳቸው አድርገው ያዩታል።

ዛሬ ከደወልሁላቸው መካከል አንድ የሰባዎቹ ተመራቂ ወዲያው መልስ አልሰጡኝም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቡድኑ ተዳክሞ ነበር፤ በ1996ና በ1997 በእያንዳንዱ ዓመት ያሸነፈው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው። ከ1996ቱ በኋላ ይልቀቁ የሚል ግፊት በርትቶ፣ በብዙ ክርክር አንድ የስንብት ዓመት ተሰጣቸው። እኚህ ሰው ያኔ ይልቀቁ ካሉት ወገን እንደነበሩ ራሳቸው አነሡት፤ “ዘመኑ አልፎ ነበር፣ አሁንም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ” አሉኝ። ከዚያም ያለ ምንም ማብራሪያ ለቋሚው ፈንድ 2,000 ዶላር በአራት ዓመት እንደሚከፍሉ አስመዘገቡ። በደብዳቤአችን ውስጥ ስለዚያ ዘመን አንድም ቃል አልነበረም፤ በሁለተኛው ዙር ደብዳቤ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጠቀስ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ዝርዝሩ ላይ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ያንን ክርክር በአንዱ ወይም በሌላው ወገን ሆነው ያሳለፉ ናቸው፤ እንዳልነበረ ማድረግ ደብዳቤውን የማስታወቂያ ወረቀት ያስመስለዋል።

ሴፕቴምበር መጨረሻ

ግራምብሊንግና ፕሬሪ ቪው በየዓመቱ በቴክሳስ ትልቁ አውደ ርእይ ሰሞን በዳላስ ኮተን ቦውል ይገናኛሉ። ከጨዋታው በፊት ሰው መኪናውን አቁሞ ሥጋ በሚጠብስበት ሜዳ ጠረጴዛ ዘረጋን። እኔ ከባለቤቴ ጋር አንድ ትሪ ሳምቡሳ ይዘን ሄደን ነበር፤ ሥጋ የሚጠብሱት ጎረቤቶቻችን ቀምሰው ሳይጨርሱ አልሄዱም፣ ትሪው ባዶ ሲሆንም ሁለቱ ስማቸውን አስመዝግበዋል።

ዕጣ እናውጣ የሚለውን ሐሳብ ቀድመን ትተነዋል፤ በቴክሳስ የበጎ አድራጎት ዕጣ ማውጣት የሚችለው በሕጉ የተዘረዘረውን መስፈርት የሚያሟላ ድርጅት ብቻ ስለሆነ፣ እንደኛ ያለ ያልተመዘገበ ስብስብ ቢያደርገው ቁማር ይባላል። ያልጠበቅነው ችግር የመጣው ከስልክ ኔትወርክ ነው። ያን ያህል ሕዝብ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ የካርድ ማንበቢያችን መሥራት አቆመ። ነርሷ ተመራቂ ወዲያው በወረቀት ላይ ቅጽ አሰመረች፤ ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ ስልክ፣ ሊሰጥ ያሰበው መጠን። ማታ ቤት ገብተን ለሁሉም የመክፈያ ማስፈንጠሪያ በመልእክት ላክንላቸው። በጥሬ ገንዘብ የተሰጠውን እዚያው ሁለት ሰዎች ቆጥረው በፖስታው ላይ ፈረሙ፤ ይህን ደንብ ያስገባሁት ከእድሩ ነው፣ ብቻውን ገንዘብ የሚቆጥር ሰው የለም።

ኦክቶበር 19

በዚህ ሰሞን ከሁሉ የሚያዋጣው ሥራ የአሠሪዎች ተጨማሪ ስጦታ ሆኗል። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ለትምህርት ተቋም የሰጠውን ያህል እነርሱም ይጨምራሉ፤ አንዳንዶቹ ለጡረተኞቻቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሠራተኛው ግን ቅጹን ራሱ ካልሞላ ምንም አይመጣም፤ ብዙ ሰው ይህ መብት እንዳለው አያውቅም። በሰንጠረዡ ላይ የሥራ ቦታ ረድፍ ያበጀሁት ለዚህ ነበር፤ አሁን ስጦታ የላከ ሰው ሁሉ በዚያው ሳምንት ስለ አሠሪው ይጠየቃል።

ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ተኩል ላለፈ ሌላ መንገድ አለ። ከግል የጡረታ ሒሳባቸው ገንዘቡ እጃቸው ሳይገባ በቀጥታ ለበጎ አድራጎቱ ተቋም ቢላክ፣ እንደ ገቢ አይቆጠርባቸውም። አዛውንቱ ይህን ሰምተው ከሒሳብ ባለሙያቸው ጋር ተነጋግረዋል። ቼኩ በተቋሙ ስም መሆን አለበት፤ በእኛ ስም ከተጻፈ ጥቅሙ ይቀራል።

ኖቬምበር 9

የራት ግብዣው ተካሄደ። የመግቢያው ዋጋ 100 ዶላር ሲሆን የምግቡ ግምት 35 ነበር፤ ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ከግብር የሚቀነሰው 65 ዶላር ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ሰጪው በምላሹ አንድ ነገር ካገኘና ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ከሆነ ይህን በጽሑፍ ማሳወቅ ሕግ ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሁሉ ደግሞ የማረጋገጫ ደብዳቤ ከተቋሙ መድረስ አለበት፤ ያለ እርሱ የባንክ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃውም።

አዳራሹ ጥሩ ነበር፤ ንግግሮቹ ረዘሙ። የአዳራሹ ኪራይ፣ የምግቡና የድምፅ መሣሪያው ወጪ ሲቀነስ የተረፈው ትንሽ ነው፤ በስልክ ከተገኘው ጋር አይወዳደርም። ግብዣን እንደ ምስጋና እንጂ እንደ ገቢ ምንጭ ባያዩት ይሻላል የሚል ሐሳብ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጠይቄያለሁ፤ ሁለት ሰዎች ተቃውመውኛል።

ዲሴምበር 31

በዓመቱ መጨረሻ ሳምንት ስልኩ አላረፈም። በፖስታ የተላከ ቼክ የሚቆጠረው በተላከበት ቀን ስለሆነ፣ የዛሬ ማኅተም ያለበት ፖስታ በሚቀጥለው ሳምንት ቢደርስም የዚህ ዓመት ስጦታ ነው፤ የካርድም ክፍያ ካርዱ በተከፈለበት ቀን ይያዛል። ፖስታዎቹን ከቼኮቹ ጋር ይዘን እንድናስቀምጥ ለሁሉም አሳስቤያለሁ።

እጃችን የገባው ጠቅላላ 33,260 ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 8,900ው ለአስቸኳይ እርዳታ፣ 24,360ው ለቋሚው ፈንድ የተሰጠ ነው። ቃል የተገባውና ገና ያልተከፈለው 11,400 ዶላር ነው። ለቋሚው ፈንድ ከሚያስፈልገው ከዝቅተኛው መጠን 640 ዶላር ጎድሎናል። ከአስቸኳዩ እንበደር የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ ሰጪዎቹ ለዚያ ብለው የሰጡትን ለሌላ ማዛወር አይቻልም ብዬ ዘግቼዋለሁ።

ጃንዋሪ 18

ከአንድ አሠሪ 1,500 ዶላር ተጨማሪ ስጦታ ገባ። ቋሚው ፈንድ 25,860 ደርሷል፤ ስምምነቱን መፈረም ተችሏል። ስምምነቱ ሁለት ገጽ ነው። በጣም የተከራከርንበት አንቀጽ፣ ወደፊት የፈንዱ ዓላማ ሊፈጸም የማይችል ቢሆን ገንዘቡ ምን ይደረግ የሚለው ነው፤ ለዓላማው በጣም ለሚቀርብ ሌላ የተማሪዎች እርዳታ ይዋል፣ ስሙ ግን አይለወጥ ብለን አስገብተናል። አዛውንቱ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው እንዲነበብላቸው ካደረጉ በኋላ ፈረሙ።

የአስቸኳዩ ገንዘብ ተላልፏል። ለአንድ ተማሪ ከ1,000 ዶላር እንዳይበልጥ፣ በቀጥታ ወደ ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ እንዲገባ ተወስኗል። የተማሪዎቹን ስም አንጠይቅም፤ ስንት ተማሪዎች እንደተረዱና ስንቶቹ በግንቦት እንደተመረቁ የሚገልጽ ቁጥር ብቻ ይላክልናል። ይህም ቁጥር በሚቀጥለው ዙር ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ ይገባል።

ቃል የገቡት የመጀመሪያውን ክፍያ የሚከፍሉት በማርች 1 ነው። የማስታወሻ ደብዳቤውን በፌብሩዋሪ 13፣ በኮች ሮብ የልደት ቀን፣ በፖስታ እንልካለን፤ ከባንዱ ተመራቂዎች አዲስ የመጣውን ዝርዝር እስከዚያው አጣርቼ ለደዋዮቹ ማከፋፈል አለብኝ።